እኔን!

በእኔ ልብ ቁጥር ነሐሴ ሃያ ስድስት፣
በሰሌዳው ላይ ሴፕቴምበር አንድ፤
ሙቀቱ ግን ቀን አያውቅም፣ ሥራው መንደድ።
ነታንያ ገደሏ አፋፍ ቆማ ባሕር ትጠብቃለች፣
ሁለተኛ «ለ» ደግሞ እኔን ታያለች፤
ሃያ ሦስት አንገት፣ አርባ ስድስት ዐይን።

ርእሰ መምህሯ በሩ ላይ የለጠፈችው ወረቀት
«ከዚህ ደፍ ወዲህ ፈረንሳይኛ ብቻ» ይላል፤
ዕብራይስጡ ከነአሸዋው ውጭ ይቀራል፣
የስታስ ሩስኛ፣ የራፋኤል አያት ዐረብኛ፣ የእኔም አማርኛ
ከቦርሳ መስቀያው ሥር ተራ ይይዛል።

በስልጠናው «ቋንቋ ባሕር ነው» ብለውናል፤
«ዳር ቆሞ እግሩን ያረጠበ መች ዋኝቶ ያውቃል?
ከነልብሳቸው አስገቧቸው!»
እሺ አልኩ። ገፋኋቸው።
ዋና የማውቅ መስዬ እኔም አብሬ ገባሁ።

የእኔ ፈረንሳይኛ የድሬ ነው፤
ከወልቃይት ወርዶ ሐዲድ ሲጠግን የኖረ ሰው ልጅ ነኝ፤
ሹፌር፣ ቢሮ፣ ፉርጎ እያልኩ ስጫወት
የሰው ቋንቋ መናገሬን ማን ነገረኝ?
ኋላ መነኩሲቶቹ ናቸው፣ በማስመሪያ ጠርዝ፣
«ረ»ን ከጉሮሮዬ የፈለፈሉት።

ስም ጠራሁ።
አማንዲን አቡልከር፦ ከማርሴይ ከመጣች ሦስት ክረምቷ፣
እንደ ተከፈተ ቧንቧ ነው አንደበቷ፤
ገና «ቦንዡር» ስል በዐይኗ መዘነችኝ፣
ጥቂት ግራም ሳይጎድለኝ አልቀረም፤ አዘነችልኝ።
ስታስ ጉረቪች የሚያውቀው «ዊ» ብቻ ነው።
ስምህ ማነው? ዊ።
መስኮቱን ትከፍትልኛለህ? ዊ።
አልከፈተም።
ነታ-ሊ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ጫማዋን ትቆጥራለች፤
ጫማ ሁለት ነው፣ ሰባት ጊዜ ደጋገመች።
ኤቪያታር ዋሴ፣ ከመጨረሻው ወንበር፣
መልኬን አይቶ ፈገግ ሊል ሲል ፈገግታውን ዋጠው፤
እኔም የእኔን ዋጥኩት፤
ሕጉ በሩ ላይ ነው የተለጠፈው።

ማክሰኞ፣
ራፋኤል ቱይቱ ወንበሩን በሁለት እግሩ አቁሞ ሲወዛወዝ፣
ወንበሩ ከዳው።
ድው!
«እኔን!» አልኩ።
ከጉሮሮ አይደለም፤ መነኩሲቶቹ ካልደረሱበት ስፍራ፣
ሰዋስው ሳያዘው፣ ግሥ ሳይረባ፣
እንደ እጅ ነው የወጣው፣ ልጁን ሊቀልብ።

ተነሣ። መዳፉ ላይ ጥርስ፤ ድሮም የሚነቃነቅ።
ክፍሉ ጸጥ።
ስታስ ደብተሩን ገለጠ፤
ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ በገዛ ፊደሉ፣
ጻፈው፤ ሁለተኛው የፈረንሳይኛ ቃሉ።

ማረም ነበረብኝ፤ ደሞዝ የምበላው ለዚሁ ነው።
ኤቪያታርን አየሁት፤
ቃሉን ዐወቀው፤ የደረጃ፣ የብስክሌት፣ የእንቅፋት፣
እናቱ በቀን ስንቴ የምትሰጥለት።
አንድ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አኖረ፤
ለእኔ ይሁን ለራሱ አልገባኝም።
ዝም አልኩ።

ረቡዕ ነታ-ሊ ግቢው መሐል ተደናቀፈች፤
ሃያ ሁለት አፍ በአንድ ትንፋሽ «እኔን!»
ጥበቃው ሮጦ መጣ፣ የፈረንጅ አደጋ መስሎት።

ሐሙስ አማንዲን አጠገቤ ቆመች፦
«ሜትሬስ፣ አባቴ እንዲህ ያለ ቃል የለንም አለኝ።»
«ታዲያ ሰው ሲወድቅ ምን እንደምትሉ ጠይቂልኝ።»

ዓርብ ማለዳ መጣች፣ ቅር እንዳላት፤
በአባቷ ይሁን በቋንቋው እንጃ።
«‹ተጠንቀቅ!› ነው የምንለው አለ።
ከወደቀ በኋላ።»
ሁለቱን ቃል በሁለት እጇ እንደ ብርቱካን መዘነች፣
ረጅም ጊዜ መዘነች።
«ሜትሬስ፣ የእኛው ይሻላል።»

ቀትር ላይ ልጆቹ ለሰንበት ተበተኑ፤
እኔ የሳምንቱን ሪፖርት ይዤ ቀረሁ፦
አዲስ ቃላት፤ ወንበር፣ መስኮት፣ ጥርስ...
አራተኛው መስመር ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።
በየትኛው ፊደል?
የመጨረሻው አውቶቡስ ከታች ጡሩምባውን ነፋ፤
መስኮቱ አሁንም ዝግ ነው፤ ስታስ አልከፈተውም።